የተጣበቀ ፒስቶን እንዴት ይላቀቃል?

በመንገድ ሥራ ላይ የሚውለውን ዶዘር አይተኸው ታውቅ ይሆናል። ነጂው አንዲት እጀታ በእጁ ሲነካ ያ ከባድ የብረት አካፋ ከመሬት ይነሣል። ይህን ኃይል የሚያደርሰው በቱቦ ውስጥ የሚሄደው ዘይት ነው። ነገር ግን መኪናው አርጅቶ ብዙ ክረምት ሜዳ ላይ የቆመ እንደ ሆነ፥ ሞተሩ ቢነሣም አካፋው አልንቀሳቀስም ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ወደ መዶሻው ይሮጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከመዶሻ አስቀድሞ ማሰብ እንደሚገባ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። ብሌዝ ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ (እ.ኤ.አ. 1623–1662) በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ወገን ሲጫኑት፥ ግፊቱ ሳይቀነስ በየአቅጣጫው እኩል እንደሚተላለፍ አስረዳ። ጆሴፍ ብራማ የተባለው እንግሊዛዊም በዚሁ ሕግ የሚሠራ መጭመቂያ ፈልስፎ በ1795 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ለምሳሌ ስፋቱ 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነውን ትንሽ ፒስቶን በ10 ኪሎ ብንጫነው፥ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ኪሎ ይደርሳል። ይኸው ግፊት ስፋቱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ ሆነው ትልቅ ፒስቶን ሲሻገር 200 ኪሎ ያነሣል። ይሁን እንጂ ትርፉ ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ትልቁ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ትንሹ 20 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት።

ፒስቶኑ የሚጣበቅበት ምክንያት በብዛት ሦስት ነው። አንደኛው ውሃ ገብቶ ያመጣው ዝገት ነው። ሁለተኛው አሮጌ ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ መያዙ ነው። ሦስተኛው የፒስቶኑ ዘንግ መጉበጡ ወይም አሸዋ ገብቶ ብረቱን መፋቁ ነው። የጎበጠውን ዘንግ ዘይት አያቃናውምና ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ሥራውም በሚከተለው ተራ ይከናወናል።

1ኛ. አካፋው ከፍ ብሎ እንደ ሆነ በወፍራም ግንድ ይደገፍ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እጀታው ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀስ፤ በቱቦው ውስጥ የታፈነው ግፊት የሚወጣው በዚህ ነው። በዘይት ብቻ ተይዞ ከቆመ አካፋ ሥር ፈጽሞ መግባት አይገባም።

2ኛ. ጭቃው ይጠረግ፤ ቱቦዎቹ ቀስ ብለው ይፈቱ። ከዚያም በቀዳዳዎቹ በኩል ዝገት የሚያላቅቅ ቀጭን ዘይት ፈስሶ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ዘይቱ ይሠራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ እዚህ ላይ የቸኮለ መካኒክ ሲሊንደሩን ሰብሮ ሌላ ይገዛል።

3ኛ. መምታት ካስፈለገ በእንጨት ወይም በመዳብ መዶሻ በዝግታ ይሁን። የብረት መዶሻ ለስላሳውን ዘንግ ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረውም ዘንግ የጎማውን ቀለበት ቀድዶ ዘይት ያፈስሳል።

4ኛ. ማራሻው ከወጣ በኋላ በፒስቶኑ ጀርባ ንጹሕ ዘይት ተሞልቶ በእጅ ፖምፓ ይገፋ። የሲሊንደሩ ክዳን በቦታው ይቆይ፤ በወዲያኛው ወገን ያለው ቀዳዳ ግን ክፍት ይሁን። ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፒስቶን ስፋቱ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሲሊንደሩ የሚችለው ከሆነ፥ በካሬ ሴንቲ ሜትር 100 ኪሎ ብንገፋው ወደ 2,000 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ያርፍበታል። እንግዲህ ፒስቶኑን የሚያስጨንቀው የፓስካል ሕግ ራሱ ነጻ ያወጣዋል ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ሦስት ነገሮች ክልክል ናቸው። በዘይት ፈንታ የታመቀ አየር አይግባ፤ አየር እንደ ተጠቀለለ ሞላ ኃይል ያጠራቅምና ፒስቶኑ ሲላቀቅ እንደ ጥይት ይወረውረዋል። ዝግ ሲሊንደርም በእሳት አይሙቅ። ብረት ሲሞቅ እንደሚሰፋ ተምረናል፤ ወርዱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ 0.12 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። በውስጡ የታፈነው ዘይት ግን ከብረቱ እጅግ አብልጦ ስለሚሰፋ ሊያፈነዳው ይችላል። ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል፤ የሚያፈስስ ቱቦ በእጅ አይዳሰስ። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ዘይት እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ በመጀመሪያ ትንሽ ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፤ ሆኖም በውስጥ ሥጋውን ያበላሻልና እጅን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ስለዚህ ፍሳሹ በካርቶን ይፈለግ፤ የተነካም ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ፒስቶኑ ከተላቀቀ በኋላም ሥራው አላለቀም። ሲሊንደሩ ይመርመር፤ የጎማው ቀለበት፥ ዘይቱና ማጣሪያው ይለወጡ። መኪናው ለብዙ ጊዜ የሚቆም ሲሆን ዘንጉ ወደ ውስጥ ይግባ፤ በውጭ የሚቀረውም ግራሶ ይቀባ።

በአገራችን የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ መንገድ በእነዚህ መኪናዎች ተጠርጓል። አዲስ መኪና መግዛት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አሮጌውን አድኖ ማሠራት ግን ዕውቀትና ትዕግሥት ይበቃዋል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በፊዚክስ ክፍል የምንማረውን ሕግ ለፈተና ብቻ አንያዘው። ወላጆቻችንም እጁ በግራሶ የጠቆረውን ልጅ አይናቁት፤ ጥቁሩ በሳሙና ይለቃል፥ ሙያው ግን ይኖራል።