ያለ እሳትና ያለ ውድ መሣሪያ፦ ጥሬ ምግብን በቤት ውስጥ የማዘጋጀት ዘዴና ወሰኑ

መግቢያ

ጥሬ ምግብ እሳት ሳይነካው ለገበታ የሚቀርብ ምግብ ነው። ይህን ማዘጋጀት ብሌንደር፣ የጭማቂ ማሽንና የምግብ ማድረቂያ የመሳሰሉ ውድ መሣሪያዎችን እንደሚጠይቅ ተደርጎ በብዙ ሰው ዘንድ ይታሰባል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ሰናፍጭ፣ ዳጣና ስንግ ቃሪያ በሙቀጫ፣ በወፍጮና በቢላዋ ብቻ ሲሰናዱ ኖረዋል። ይህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን ይመረምራል፤ በጥሬ ምግብ ዝግጅት የመሣሪያው ድርሻ ምንድን ነው? የትኛውም መሣሪያ ሊሠራው የማይችለውስ?

ማድቀቅ

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰናፍጭ ጥሩ ማስረጃ ነው። በፍሬው ውስጥ ሲኒግሪን የተባለው ንጥረ ነገርና ማይሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም ተለያይተው ይገኛሉ። ፍሬው ደቅቆ በውሃ ሲርስ ሁለቱ ይገናኙና አፍንጫን የሚሰነፍጠው አላይል አይሶታዮሲያኔት ይፈጠራል። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ስለሚያበላሸው ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። በዳጣ ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርትም ጠንካራ ሽታውን የሚያገኘው ሲወቀጥ በሚፈጠረው አሊሲን ነው። እንግዲህ ለውጡን የሚያመጡት መድቀቅ፣ ውሃና ጊዜ ናቸው። ብሌንደር የሚያተርፈው ጉልበትንና ሰዓትን እንጂ የተለየ ውጤትን አይደለም።

ማብቀል

ማብቀልም እንዲሁ ማሽን አይፈልግም፤ ገብስ ዘፍዝፎ፣ በቅጠል ሸፍኖ ብቅል ማብቀል የቆየ የቤት ሙያ ነው። ምስርን ለማብቀል ከ8 እስከ 12 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ውሃውን አጠንፍፎ በወንፊት ወይም አፉ በስስ ጨርቅ በታሰረ ማሰሮ ማስቀመጥ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ያጎነቁላል። በዚህ ጊዜ ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ፋይቴትን ስለሚሰባብር ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘው ብረትና ዚንክ ይጨምራል።

ወሰኑ

ሁለተኛው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ዘርን የሚያበቅለው እርጥበትና ሙቀት ባክቴሪያንም ያራባል። በ2011 እ.ኤ.አ. በጀርመን ከአብሽ ቡቃያ ጋር የተያያዘ የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ከ50 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ማለቅለቅ በዘሩ ስንጥቅ የተሸሸገውን ባክቴሪያ አያስወግድም፤ ስለዚህ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ቡቃያው በደንብ በስሎ ሊቀርብ ይገባል። የእህሉም ምርጫ ጥንቃቄ ይሻል። ቀይ ቦሎቄ በጥሬው መርዛማ ነው፤ እግርን ሽባ የሚያደርገው የጓያ መርዝም በማብቀል ስለማይወገድ ጓያ ለዚህ ዝግጅት አይመረጥም።

ጥሬ ሥጋ ደግሞ ወሰኑን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። የኮሶ ትል እጭ በበሬ ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የኮሶ ዛፍ አበባ ለትውልዶች መድኃኒት ሆኖ ማገልገሉ ችግሩ ምን ያህል የቆየ እንደሆነ ይመሰክራል። እጩን ለመግደል በደቃቁ መክተፍም ሆነ ሚጥሚጣና ሎሚ አያስተማምኑም፤ ላይ ላዩን ብቻ የሞቀ ለብለብ ክትፎም እንዲሁ። የሚያስተማምነው ሥጋውን እስከ ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ማሞቅ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ቢያንስ ለ10 ቀናት ማቆየት ነው። ቅዝቃዜው ትሉን ቢገድልም ባክቴሪያን ግን አያጠፋም።

አትክልትም ከዚህ አያመልጥም። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተበከለ የአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ ሰላጣና ጎመን አለ። በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ቅጠል በቅጠል ማጠብና በኮምጣጤ ውሃ መንከር ብክለቱን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስወግደውም። በመሆኑም ምንጩ ያልታወቀ ቅጠል ቢበስል ይመረጣል።

ማጠቃለያ

ሙቀጫ የብሌንደርን ሥራ ሊተካ ይችላል፤ የእሳትን ሥራ ግን ሁለቱም አይተኩም። ጥሬ ምግብ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ ከማሽን ያተረፈውን ገንዘብ ለንጹሕ ውሃ፣ ለሥጋና ለአትክልት የተለያየ ቢላዋና መክተፊያ እንዲሁም ምንጩ ለታወቀ ምርት ቢያውለው ይበልጥ ይጠቀማል። ቆጣቢነት በዕቃው ላይ ያምራል፤ በንጽሕናው ላይ ግን ዋጋው በሕመም ይከፈላል።