"ትንሽ ነው የሚነዝረው" አትበሉ!

የሥራ ቦታችሁ ካስክ፣ ካውያ ወይም ድሪል አንዳንዴ ነዘር ያደርጋል? በደረቅ እጅ "ትንሽ" የነዘረ ዕቃ በእርጥብ እጅ ልብ ሊያቆም ይችላል፤ እርጥብ ቆዳ ኮረንቲን በቀላሉ ያሳልፋል።

ታዲያ በየስንት ጊዜው ይፈተሽ? እንደ ዕቃውና እንደ ቦታው ይለያያል። የብሪታኒያ መንግሥት የሥራ ደህንነት መመሪያ ጥሩ መነሻ ነው፤ የእነሱ 230 ቮልት ከእኛ 220 ብዙ አይርቅም።

✅ ግንባታ ላይ ያለ ድሪልና ግራይንደር፦ በየቀኑ ተጠቃሚው በዓይኑ፣ በየሳምንቱ የሠለጠነ ሰው በዝርዝር፣ በየወሩ ባለሙያ በመሣሪያ።
✅ የቢሮ ኮምፒውተር፦ ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ የዓይን ፍተሻ።

የእኔ ምክር ደግሞ፦ ካስክ፣ ካውያና ማከፋፈያ ከመሰካታችሁ በፊት ሁሌም እዩ። የተላጠ ገመድ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ ቦታ ወይም የጠቆረ ሶኬት ካለ አትጠቀሙበት። ውስጥ የተበጠሰ የኤርዝ ሽቦ ግን በዓይን አይታይም፤ ለዚህ ነው ባለሙያ የሚያስፈልገው።

⚠️ ኮረንቲ የያዘውን ሰው አትንኩት! መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ራሱን ስቶ ከነበረ ወይም ልቡ ከመታበት፣ "ደህና ነኝ" ቢልም ሐኪም ይየው።

ለሥራ ባልደረቦቻችሁ ሼር አድርጉ!