የፀሐይ ብርሃን የውሃ ፓምፕን እንዴት ያሠራል?

በበጋ ወራት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ነዳጅ ሳይገዛ በፀሐይ ኀይል ውሃ ሊስብ ይችላል። ነገር ግን ፓኔሉ ያለ ቦታው ቢተከል፣ ሰብሉ ውሃ በሚሻበት ወር ፓምፑ ይደክማል፤ የዓመቱም ልፋት ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይገባል።

ኤሌክትሪኩ እንዴት ይገኛል?

ብዙ ሰዎች ሶላር ፓኔል በፀሐይ ሙቀት የሚሠራ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም፤ የሚሠራው በብርሃኗ ነው። እንዲያውም ፓኔሉ ሲግል ኀይሉ ይቀንሳል። ፓኔል ሴል ከሚባሉ ስስ ቁራጮች የተሠራ ነው። ሴሉም የሚሠራው ከአሸዋ ዐይነት ማዕድን ተጣርቶ ከሚገኝ ሲሊከን ከተባለ ነገር ነው። ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮን የተባሉ እጅግ ደቃቅ ነገሮች ተነሥተው በአንድ አቅጣጫ ይፈስሳሉ። ኤሌክትሪክ ማለት ይህ ፍሰት ነው።

በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የሲሊከን ሴል ሠርተው ባሳዩ ጊዜ፣ ሴሉ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 6 ያህሉን ብቻ ነበር። ዛሬ ጥሩ ፓኔል ከመቶ 20 ያህሉን ይለውጣል።

ጥላ ለምን ይጎዳል?

አንዱ ሴል የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ያህል ብቻ ስለ ሆነ ብዙ ሴሎች ተከታትለው ይያያዛሉ። ይህም እንደ መስኖ ቦይ ነው። ቦይ በአንድ ስፍራ ቢደፈን ውሃው ከታች ያለው ማሳ እንደማይደርስ ሁሉ፣ ጥቂቶቹ ሴሎች ጥላ ቢያርፍባቸው የሌሎቹም ኤሌክትሪክ ይታገዳል።

ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ/ የቀትር ፀሐይ በአገራችን በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ በሰኔ ጥላ ያልነበረበት ስፍራ በታኅሣሥ በስተደቡብ ባለ ባሕር ዛፍ ሊጋረድ ይችላል። ቦታ ሲመረጥ ይህ ይታሰብ።

2ኛ/ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ይበል፤ ዝናብም አቧራውን ያጥብለታል።

3ኛ/ ማለዳ ሳይግል በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። እንደ ድስት በአመድ ወይም በአሸዋ አይታሽ፤ መስተዋቱ ይጫጫራል።

4ኛ/ ፀሐይ ሳለች የተሳበው ውሃ ከፍ ባለ ስፍራ በገንዳ ይጠራቀም። እንዲህ ከሆነ ማታ ለማጠጣት ባትሪ መግዛት አያስፈልግም።

ለልማት ሠራተኛ

ይህን በቃል ከመናገር በዐይን ማሳየት ይበልጣል። ሰማዩ በጠራ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ አንድ ባልዲ በስንት ጊዜ እንደሚሞላ በሰዓት ይለካ። ቀጥሎ የእያንዳንዱ ፓኔል አጭር ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር አንድ ስንዝር ያህል በጋቢ ተሸፍኖ እንደ ገና ይለካ። ገበሬው ልዩነቱን በዐይኑ ካየ ፓኔሉን ከዛፍ ጥላ ራሱ ያርቀዋል።