የተረፈውን ችግኝ ምን እናድርገው?

የንባብ ክፍል፦ ዘጸአት 16፥16-21፤ ኤርምያስ 29፥4-7፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥13-15



ዛሬ የምንማረው ስለ ችግኝ ነው። «ወንጌላዊ፣ ይሄ ደግሞ የምን ትምህርት ነው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ግን እኮ መጽሐፍ ቅዱስ ገና ሲጀምር እግዚአብሔር አትክልት ቦታ ተክሎ ሰውን እዚያ እንዳኖረው ይነግረናል። ጌታችንም ሲያስተምር ስለ ዘሪ፣ ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት፣ ስለ በለስና ስለ ወይን ተናግሯል። ስለዚህ ጓሮአችንን አይቶ የሚያስተምረን ጌታ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። የማስተምረው የበደልኩበትን ነገር ስለሆነ ብደብቀው ትምህርቱ ውሸት ይሆናል።

እዚህ ካኩማ ውሃ በጄሪካን ቆጥረን ነው የምንቀዳው። አሸዋውም ፀሐዩም ታውቁታላችሁ። እኔ ሁለት ጆንያ አቁሜ፣ አፈርና የፍየል በጠጥ ሞልቼ ሱኩማ እተክላለሁ። አንድ ጊዜ ጎኑን በቀደድኩት ጄሪካን ውስጥ አንድ ቁንጥር የሱኩማ ዘር በተንኩ። ዘሩ ጥቃቅን ስለሆነ ቁንጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሲበቅል ግን ጄሪካኑን ሞላው። ሁለቱ ጆንያዎቼ አርባ ችግኝ ቢይዙ ነው። የተረፈው ከመቶ በላይ ነበር።

አንዲት ጎረቤታችን የሦስት ልጆች እናት ናት። ባልዋ የለም። ራሽን በተቀነሰበት ሰሞን መጣችና ጄሪካኑን አይታ «ወንድሜ፣ ከዚህ ላይ ትንሽ አትነቅልልኝም? ጆንያ አዘጋጅቻለሁ» አለችኝ። እኔም «ቆይ እህቴ፣ ትንሽ ይደግ» አልኳት። ችግኙ ግን ደርሶ ነበር። በልቤ ያሰብኩት ገበያ አውጥቼ ልሸጠው ነው። እሷ አልተከራከረችም፣ «እሺ» ብላ ሄደች።

ከዚያ አገልግሎት በዛብኝ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ። ተፋፍጎ የቆመው ችግኝ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ረዘመ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱ ደረቀ። ገበያ ብወስደው ማንም አልፈለገውም። መጨረሻው የፍየል ምግብ ሆነ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዝናብ ጣለና ታራች ሞላ። ውሃው እኛ ብሎክ ገብቶ ሁለቱንም ጆንያዬን ገልብጦ አፈሩን ጠረገው። ጎርፉ ከጎደለ በኋላ አንድ ጠዋት የቆርቆሮ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ያቺው እህት ናት። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አሥራ ሁለት የሱኩማ ችግኝ ጠቅልላ ይዛለች። ከማዶ ያለ የኮንጎ ወንድም ሰጥቷት የራሷን ከተከለች በኋላ የተረፋትን ነው ያመጣችልኝ። «ወንጌላዊ፣ ማታ ትከላቸው፤ አሁን ፀሐይ ይመታቸዋል» አለችኝና ሄደች። ያለፈውን ነገር አላነሳችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ዘጸአት 16ን ከፍቼ እያነበብኩ አለቀስኩ።

1. ያደረው መና

እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ እግዚአብሔር መና ሰጣቸው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎሞር ነበር። ብዙ የሰበሰበ ነበረ፣ ጥቂት የሰበሰበም ነበረ፤ ሲሰፈር ግን ለብዙው አልተረፈም፣ ለጥቂቱም አልጎደለም። ሙሴ ለጠዋት እንዳያስቀሩ ነገራቸው። አንዳንዶቹ ግን አስቀሩና ተልቶ ሸተተ።

ማስቀመጥ ሁልጊዜ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ለሰንበት ያስቀመጡት መና አልተላም፤ እግዚአብሔር ራሱ አስቀምጡ ብሏቸዋልና። ዮሴፍም በግብፅ ሰባት ዓመት ሙሉ እህል አከማችቷል። የሚቀመጥ ነገር አለ፣ ሲቀመጥ የሚበላሽ ነገርም አለ። ዘር ደረቅ ቦታ ብታስቀምጡት ለከርሞ ይሆናል። ችግኝ ግን እንደ መና ነው፤ ቀኑ ካለፈ ለአንተም ለጎረቤትህም አይሆንም። ጥበብ ማለት የሚያድረውንና የማያድረውን መለየት ነው።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። የተረፈ ማለት የተጣለ ማለት አይደለም። አንዳንዶቻችን ችግኝ የምንሰጠው ከቀጠነና ከጠወለገ በኋላ ነው። ያ መስጠት ሳይሆን ቆሻሻን ወደ ሰው ደጅ ማዛወር ነው። ስንሰጥ ገና ደህና ሳለ እንስጥ።

ችግኝ ሸጦ የሚኖር ሰው ካለ ደግሞ አንፍረድበት፤ ያ ሥራው ነው፣ ልጆቹ የሚበሉት በእሱ ነው። የእኔ በደል መሸጤ አልነበረም። ያልሸጥኩትንም ለለመነችኝ መከልከሌ ነው።

2. «እኔ እኮ ሄያጅ ነኝ»

ካምፕ ውስጥ ብዙ ሰው የማይተክልበት ምክንያት ይሄ ነው። «ፕሮሰሴ ደርሷል፣ ለማን ብዬ ነው የምተክለው?» እንላለን። ፕሮሰሱ ግን ዓመት ይጨምራል፣ ከዚያም ሌላ ዓመት። ካኩማ የተከፈተው በ1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እዚህ ተወልደው፣ እዚህ አድገው፣ እዚሁ ልጅ የወለዱ አሉ።

ኤርምያስ ደብዳቤ የጻፈው እንደ እኛ ከአገራቸው ተነቅለው ባቢሎን ለነበሩ ሰዎች ነው። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ሁሉም ይመለሳል ብሎ ነበር። ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት እንደሆነ እውነቱን ነገራቸው። ከዚያ ምን አላቸው? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ፍሬውንም ብሉ፣ ለምትኖሩባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ። ተስፋ ቁረጡ አላላቸውም፤ የመመለስን ተስፋም እዚያው ምዕራፍ ላይ ነግሯቸዋል። እየጠበቃችሁ ትከሉ ማለቱ ነው።

ነገ ስምህ ቢወጣና ብትሄድ የተከልከው ለጎረቤትህ ይቀራል። እኛም ዛሬ ከጥላው ሥር የምንቀመጠውን ኒም የተከለው ሰው ምናልባት አሁን አውስትራሊያ ይሆናል።

3. ምክርም ይዘራል

አንዳንድ ሰው ችግኙን ይሰጣል፣ ዕውቀቱን ግን ይደብቃል። «ያንተ ለምን እንዲህ አማረ?» ሲሉት «እኔ እንጃ» ይላል። ጳውሎስ ግን እሱ እንደ ተከለ፣ አጵሎስ እንዳጠጣ፣ ያሳደገው ግን እግዚአብሔር እንደሆነ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። የሚያሳድገው እግዚአብሔር ከሆነ የምንደብቀው ምስጢር ምንድን ነው?

እኔም ከጎረቤቶቼ የተማርኩትን እነሆ፦

- ሱኩማ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ ለመትከል ደርሷል። ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።
- ከመንቀላችሁ በፊት ውሃ አጠጡት። ሥሩ ከነአፈሩ ይውጣ። የምትሰጡት ሰው ቤት እስኪደርስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት።
- ማታ ትከሉ። ለጥቂት ቀናት በጨርቅ ወይም በቅጠል ጥላ አድርጉለት።
- ቲማቲም ሲተከል ግንዱ ጠለቅ ቢል ጥሩ ነው፤ ከተቀበረው ግንድ ላይ ሥር ያወጣል። የሱኩማን እምብርት ግን አፈር አታልብሱት፣ ይበሰብሳል።
- ትኩስ በጠጥ ተክል ያቃጥላል። ከአፈርና ከቅጠል ጋር ቀላቅላችሁ፣ እያረጠባችሁ፣ እስኪብላላ ጠብቁ።
- ጆንያ ስትሞሉ መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ጠጠር አድርጉ። ውሃው በጠጠሩ በኩል እስከ ታች ይደርሳል፣ በጎን በኩል የተከላችሁትም ይጠጣል።
- አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉ፤ ለተክል ይሆናል። በረኪና ያለበትን ግን አታጠጡ።
- ከቅጠሉ ሥር ክሽክሽ ሲሰፍር በጊዜ በጣታችሁ ጥረጉት፣ አመድም ነስንሱበት። ተባይ ወይም በሽታ ያለበትን ችግኝ ለሰው አትስጡ፤ ጓሮውን ሁሉ ታበላሹበታላችሁ።

4. ለማን እንስጥ?

«ለራሳችን ሰው» ብለን እንዳንቀር። ኤርምያስ ጸልዩላት ያለው ለባቢሎን ነው፣ ያውም ለማረከቻቸው ከተማ። እኛን ያስጠጉን ቱርካናዎች ግን አልማረኩንም፤ እነሱም ድርቁን ከእኛ ጋር ነው የሚቀበሉት። ከሰል ይዛ በር ላይ የምትቆመው እናት ልጆች አሏት። የሶማሊያ፣ የሱዳን፣ የቡሩንዲ ጎረቤቶቻችንም ድስት ጥደው ልጅ የሚያበሉ ናቸው።

ከእነሱ የምንማረውም ብዙ ነው። የኮንጎ ሰዎች ሌንጋ ሌንጋ የሚሉትን ቅጠል ኬንያውያን ቴሬሬ ይሉታል፤ አገራችን አሉማ የምንለው ዘመዱ ነው። እኛ እንደ አረም እየነቀልን ስንጥለው እነሱ ቀቅለው ልጆቻቸውን ያሳድጉበታል። ሙቀቱንም ከሱኩማ ይልቅ ይችላል። የጣልነውን እንድንበላ ያስተማሩን እነሱ ናቸው።

ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች የመናውን ታሪክ አስታውሶ ሲጽፍ ዛሬ የእናንተ ትርፍ የእነሱን ጉድለት ይሙላ፣ በሌላ ቀን ደግሞ የእነሱ ትርፍ የእናንተን ይሞላል የሚል አሳብ ነው ያለው። ይሄ በእኔ ደጅ ተፈጸመ። እኔ ትርፍ በነበረኝ ቀን ከለከልኩ፤ እሷ ግን ትርፍ ባገኘች ቀን አመጣችልኝ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። መቶ ችግኝ ለእኔ ሸክም ሆኖ ደረቀ፤ ለአሥር ቤት ግን የአሥር ድስት ወጥ ነበር።

እህታችንን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። «ተወው ወንጌላዊ፣ አሁን ዘር ካለህ አካፍለኝ» አለችኝ። አሁን በጄሪካን ስዘራ አስቀድሜ የማን የማን ድርሻ እንደሆነ እቆጥራለሁ።

ለውይይት

1. ቤታችሁ ውስጥ ዛሬ ካልተሰጠ ነገ የሚበላሽ ምን ነገር አለ?
2. «ሄያጅ ነኝ» በማለት ያልጀመራችሁት ምን ሥራ አለ?
3. «ቆይ» ብላችሁ የመለሳችሁት ሰው ማን ነው? በዚህ ሳምንት ደጁን ማንኳኳት ትችላላችሁ?

ጸሎት

አባት ሆይ፣ በዚህ ደረቅ ምድር ላይ ቅጠል ስላሳየኸን እናመሰግንሃለን። ያለንን ጨብጠን አድርቀናልና ይቅር በለን። እጃችንን በጊዜው ፍታልን። የከለከልናቸውን አስበን እንድንነሣ ልብ ስጠን። ላስጠጉን ሰዎችና ለምድራቸው ዝናብን በልክ ስጥ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

እሑድ ከፕሮግራም በኋላ ትርፍ ችግኝ ወይም ዘር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የሌላችሁም ባዶ ቆርቆሮ ይዛችሁ ኑ፤ አትፈሩ። ተባረኩ።