«ማቃጠሉ ተወኝ» ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም



ሐሙሲት ስሠራ የስኳር ታማሚ የሆኑ አንዲት እናት ለክትትል መጡ። «እንዴት ከረሙ እናቴ? እግርዎስ?» አልኳቸው።

«ተመስገን ልጄ! ሌሊት ሌሊት እንደ እሳት የሚያቃጥለኝ ተወኝ» አሉ ደስ ብሏቸው።

ጫማቸውን አስወልቄ ሳይ ግን ከጣቶቻቸው ሥር ሰፊ ቁስል አለ። ምድጃ ዳር እግራቸውን ሲያሞቁ ተቃጥለው አልተሰማቸውም።

ለምን አልተሰማቸውም?

ህመምና ሙቀትን የሚነግሩን ቀጫጭን ነርቮች ከቆዳችን የሚያገኙት አንድ ፕሮቲን አለ፤ ነርቭ ግሮውዝ ፋክተር ይባላል። ገና ሽል እያለን ያለ እሱ አይተርፉም፤ ካደግንም በኋላ ለሥራቸው ይፈልጉታል። ፕሮቲኑን ያገኙት ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ እና ስታንሊ ኮኸን በ1986 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

• ሲበዛ፦ ቁስል ወይም ብግነት ያለበት ቦታ ላይ ይጨምራል፤ ነርቩ ይቆጣል፤ ህመሙ ይብሳል።
• ሥራውን ካልሠራ፦ በዘር ችግር እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች አሉ። ህመም ስለማያውቁ ምላሳቸውን ይነክሳሉ፤ አጥንታቸው ቢሰበርም ላያውቁ ይችላሉ።
• በስኳር በሽታ፦ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቮቹንና የሚመግቧቸውን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። በታማሚዎች ቆዳ ላይ ፕሮቲኑ ቀንሶ ታይቷል። መጀመሪያ ሊያቃጥል፣ በኋላ ሊደነዝዝ ይችላል።

«ታዲያ ዶክተር፣ ፕሮቲኑን በመርፌ አትሰጡንም?» ትሉኝ ይሆናል። ተሞክሯል። ከ1000 በላይ የስኳር ታማሚዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ መርፌው መድኃኒት ከሌለው መርፌ የተሻለ ጥቅም እንዳልሰጠ አሳይቷል። ስለዚህ በስልካችሁ «ነርቭ ያድሳል» እየተባለ ለሚሸጥላችሁ እንክብል ገንዘባችሁን አታውጡ።

የሚጠቅመው ይኸው ነው፦

1. ስኳራችሁን ተቆጣጠሩ፤ መድኃኒት አታቋርጡ።
2. ማታ ማታ እግራችሁን፣ በጣቶች መሃልም ጭምር እዩ። ውስጥ እግር ካልታያችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።
3. በባዶ እግር አትሂዱ። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት አራግፉት፤ ጠጠር ወይም እሾህ ይኖራል።
4. እግራችሁን እሳት አታሙቁ። የውሃውን ሙቀት በክርናችሁ ለኩ።
5. ቁስል ካያችሁ ባያምም በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ቁስል ባይኖርም ቢያንስ በዓመት አንዴ እግራችሁን አስመርምሩ።

እኚያ እናት ሁለት ጣቶቻቸውን አጥተዋል፤ እግራቸው ግን ተርፏል።

ዛሬ አገር ቤት ስትደውሉ «እግርሽን ያምሻል?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። «ዛሬ እግርሽን አይተሽዋል?» በሏት።