ለረጅም የመኪና ጉዞ የሚታመን የመንገድ መሪ አመራረጥ

የመንገድ መሪ ሲባል በተለምዶ የሚታሰበው በስልክ ወይም በመኪና ላይ የሚታየው ማሳያ ቢሆንም፣ ሥርዓቱ በእርግጥ አንዱ ሌላውን የማይተካ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እነዚህም የሳተላይት ምልክት የሚቀበለው ተቀባይ፣ የተገኘውን ነጥብ መንገድና ከተማ አድርጎ የሚያሳየው ካርታ፣ ሁለቱንም የሚያሠራው የኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው። ሦስቱም በየራሳቸው ምክንያትና በየራሳቸው ቦታ ስለሚጎድሉ፣ የሚታመን መሪ መምረጥ ማለት ድምፁ የጠራ ወይም ማሳያው የሰፋ ዕቃ መግዛት ሳይሆን፣ ከሦስቱ የትኛው በየትኛው መንገድ ላይ ሊጎድል እንደሚችል አስቀድሞ አጥንቶ ምትኩን ማዘጋጀት ነው። በዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የሚያገለግለው በዋናነት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀንና በባሕር ዳር አድርጎ ጎንደር የሚደርሰው፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ ሲሆን፣ አሠራሩ ግን ለማንኛውም ኔትወርክ እየመጣ ለሚጠፋበት ረጅም ጉዞ ይሠራል።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ሳተላይቱን ከኔትወርኩ መለየት

ብዙ አሽከርካሪዎች ዳታ ሲቋረጥ ጂፒኤስም አብሮ የሚቋረጥ ይመስላቸዋል፤ የተሳሳተ ምርጫም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጂፒኤስ በአሜሪካ መንግሥት የሚተዳደር፣ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው በሚዞሩ ሳተላይቶች አማካይነት ቦታን የሚያሳውቅ ሥርዓት ሲሆን፣ ተቀባዩ እንደ ሬዲዮ ያዳምጣል እንጂ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር ስለሌለ፣ ሲም ካርድም ሆነ ዳታ ወይም ክፍያ አያስፈልገውም። ተቀባዩ ቦታውን በትክክል ለማስላት ቢያንስ የአራት ሳተላይቶች ምልክት ሊደርሰው ይገባል፤ ሦስቱ ርቀትን ለመለካት ሲያገለግሉ፣ አራተኛው በስልኩ ተራ ሰዓትና በሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት ለማረም ያስፈልጋል።

የሞባይል ኔትወርክ የሚያግዘው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ካርታውን ከኢንተርኔት ማምጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳተላይቶቹ በዚያች ሰዓት ሰማይ ላይ የት እንዳሉ ለስልኩ ፈጥኖ መንገር ነው። ይህ እገዛ በሌለበት ስልኩ መረጃውን ከሳተላይቶቹ ራሱ አዳምጦ ስለሚያነብ፣ ለእያንዳንዱ ሳተላይት የምሕዋር መረጃ 30 ሰከንድ ያህል፣ ስለ ሁሉም ሳተላይቶች ለሚነገረው አጠቃላይ መረጃ ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። በመሆኑም መሪውን ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከገቡ በኋላ ከመክፈት ይልቅ ሜዳ ላይ፣ ሰማዩ በሰፊው በሚታይበት ቦታ ቀድሞ መክፈት ይሻላል።

ዕቃው ገና የሚገዛ ከሆነ፣ ከጂፒኤስ በተጨማሪ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ የሚቀበል መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የሚታየው ሰማይ ትንሽ ስለሆነ፣ ከአንዱ ሥርዓት አራት ሳተላይት ባይገኝ ከሌላው ይሟላል። ማሳያው ሰፊ ነው በሚል ታብሌት የሚመርጡ ሰዎች በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ለምሳሌ በዋይፋይ ብቻ የሚሠሩት አይፓዶች የሳተላይት ተቀባይ ስለሌላቸው፣ ከተማ ውስጥ በዋይፋይ እየታገዙ ቦታ ሲያሳዩ ቆይተው ከከተማ ሲወጡ ነጥቡን ያጣሉ።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ካርታውን መፈተን

ከሦስቱ ክፍሎች ብዙ ልዩነት የሚታየው በካርታው ላይ ነው። ሁለት ስልኮች አንድ ዓይነት ሳተላይት አዳምጠው አንድ ዓይነት ነጥብ ቢያገኙም፣ የአንዱ ካርታ ነጥቡን አስፋልት ላይ፣ የሌላው ምንም መንገድ የሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ ሊያሳየው ይችላል። ስለዚህ የምርጫው ጊዜና ድካም በአብዛኛው ለካርታው ቢሰጥ ተገቢ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ካርታው ሙሉ በሙሉ ስልኩ ላይ ሊወርድ መቻሉ ነው፤ ይህም በተለምዶ ኦፍላይን የሚባለው አሠራር ነው። ጉግል ማፕ ተጠቃሚው በአራት ማዕዘን የከለለውን አካባቢ እንዲያወርድ ይፈቅዳል፤ ሆኖም የወረደው ካርታ በየጊዜው ካልታደሰ አገልግሎቱ ያበቃል፣ ከኔትወርክ ውጭም ስለ ትራፊክ መጨናነቅ የሚሰጠው መረጃና አማራጭ መንገድ የማሳየት ችሎታው አይኖርም። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የተባሉት መተግበሪያዎች በበኩላቸው የሚጠቀሙት ኦፕንስትሪትማፕ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራውን ካርታ ሲሆን፣ አገሩን በሙሉ ወይም በየክፍሉ አውርዶ ያለ ዳታ ቦታ መፈለግም መንገድ ማስላትም ያስችላሉ። ለኢትዮጵያ መንገድ የእነዚህ አንድ ትልቅ ጥቅም፣ በካርታው ላይ መንገዱ አስፋልት ወይም ጠጠር መሆኑ የተመዘገበ በሆነበት ሁሉ ኮረኮንች እንዲታለፍ ማዘዝ መቻሉ ነው። ዌይዝን የመሰለው መሪ ደግሞ ኃይሉ ሌሎች አሽከርካሪዎች በየደቂቃው በሚልኩት መረጃ ላይ ስለሆነ፣ ኔትወርክ በሌለበት ገጠር ዋና መሪ ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ ካርታው መራጩ በደንብ በሚያውቀው አካባቢ ይፈተናል፤ የማያውቁትን አገር ካርታ ትክክለኛነት ቤት ተቀምጦ መመዘን ስለማይቻል፣ የተወለዱበት ወይም የሠሩበት ወረዳ ከሁሉ የተሻለ ፈታኝ ነው። የገበያው ቦታ፣ ድልድዩ፣ በክረምት የማያሻግረው ወንዝና በቅርብ የተሠራው መንገድ በትክክል ተቀምጠው ከሆነ፣ ካርታውን የሠሩት ሰዎች አካባቢውን ያውቁታል ማለት ነው።

የቦታ ስም ፍለጋም ራሱን የቻለ ፈተና ይፈልጋል። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ ሥርዓት ስለማይከተል፣ መቀሌ አንዳንዴ በአንድ፣ አንዳንዴ በሁለት «ኤል» ይጻፋል፤ አዋሳና ሐዋሳ፣ ናዝሬትና አዳማ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ ደግሞ የአንድ ከተማ ሁለት ስሞች ናቸው። የሚመረጠው መሪ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍለትም፣ በቀድሞ ስሙ ሲጠራም ከተማውን ማግኘት ይኖርበታል፤ ካላገኘ ከጉዞው በፊት እያንዳንዱን ማረፊያ ፈልጎ በራስ አጻጻፍ ምልክት አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይታወቅበት ቦታ መድረሻን የሚወስነው የመጋጠሚያ ነጥብ፣ ማለትም የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ነው። ኬክሮስ ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀ፣ ኬንትሮስ ደግሞ ከግሪኒች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ሲሆን፣ አዲስ አበባ በግምት 9.03 ኬክሮስና 38.74 ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ነጥቡ ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ስለሚያርፍ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል፤ የሚያሳስበው ግን ሳይታወቅ የሚያልፈው ስሕተት ነው። 9.03 ዲግሪ የተባለውን 9 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ብሎ ያስገባ ሰው ከትክክለኛው ቦታ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ይህም በገጠር ሌላ ቀበሌ ሊሆን ይችላል። የሚመረጠው መሪ ቁጥሩ በየትኛው አጻጻፍ እንደገባ በግልጽ የሚያሳይ ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ያልተዛመደ ምትክ መያዝ

ምትክ የሚባለው ከዋናው ጋር አብሮ የማይሳሳት መሪ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ስለሚቀዱ፣ በምንጩ ላይ የጎደለ መንገድ በሁለቱም ላይ ይጎድላል፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው የካርታ ምትክ ሊሆን አይችልም። የተሻለው ጥምረት ጉግል ማፕ የወረደበት አንድ ስልክና ኦፕንስትሪትማፕን የሚጠቀም መተግበሪያ የተጫነበት ሌላ ስልክ ነው፤ ስልኮቹ ሁለት መሆናቸውም አንዱ ቢወድቅ ወይም ቢሰረቅ ጉዞው እንዳይቆም ያደርጋል። ጋርሚንን የመሰለ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ መሣሪያ መንገጫገጭንና አቧራን ከስልክ የበለጠ ሊችል ቢችልም፣ ከመገዛቱ በፊት የኢትዮጵያ ዝርዝር ካርታ የተጫነለት ወይም ሊጫንለት የሚችል መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ትራክስ ፎር አፍሪካ የተባለው የአፍሪካ መንገዶች ካርታ ለዚህ ከሚውሉት አንዱ ነው።

የወረቀት ካርታ ባትሪ ስለማይፈልግና አገሩን በአንድ ዕይታ ስለሚያሳይ ከመኪና ባይጠፋ ይመረጣል። በ1፡250,000 መስፈርት የተሠራ ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ ነባሮቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ መነሻ በመሆኑ፣ ከወረቀቱ የተነበበ ነጥብ እንዳለ ስልክ ውስጥ ቢገባ ከመቶ ሜትር በላይ ሊዛባ ይችላል። ለከተማ ፍለጋ ይህ ምንም አይደለም፤ ለመገንጠያ ወይም ለወንዝ መሻገሪያ ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

አራተኛው እርምጃ፦ ኃይልና መቀመጫ

ማሳያው በርቶ ቦታ የሚከታተል ስልክ ባትሪውን በፍጥነት ስለሚጨርስ፣ የመኪና ቻርጀር የግድ ነው። አነስተኛ መኪኖች 12 ቮልት፣ ከባድ መኪኖች ግን በአብዛኛው 24 ቮልት ስለሚጠቀሙ ሁለቱንም የሚችል ቢገዛ ይሻላል፤ ትርፍ ገመድና የተሞላ ፓወር ባንክም አይቀሬ ናቸው። የስልኩ መያዣ የአሽከርካሪውን ዕይታ የማይጋርድ፣ ፀሐይም በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ላይ ይታሰራል፤ አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብቻ ስለሆነ፣ በአዋሽና በአፋር ቆላ መስታወት ሥር የተቀመጠ ስልክ በሙቀት ራሱን ሊያጠፋ ይችላል።

አምስተኛው እርምጃ፦ ከመነሻው በፊት ልምምድ

ከጉዞው ጥቂት ቀናት በፊት ስልኩ በአውሮፕላን ሞድ ተደርጎ፣ ማለትም የኔትወርክ ግንኙነቱ በሙሉ ተቋርጦ፣ ግማሽ ቀን ያህል በሚያውቁት መንገድ ላይ ይነዳበታል። በዚህ ጊዜ ነጥቡ መንቀሳቀስ፣ መድረሻ በስም መገኘት፣ ከመንገድ ሆን ተብሎ ሲወጣም አዲስ መንገድ መሰላት አለበት። ነጥቡ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ያለው ተቀባዩ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ያልሠራ እንደሆነ ግን ካርታው በትክክል አልወረደም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጉድለቱን ቤት ሳሉ ማወቅ ደጀን ላይ ከማወቅ እጅግ ይቀላል።

በልምምዱ ላይ የሚሰጠው የሰዓት ግምትም ሊመዘን ይገባዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል የሚወጣ፣ የጭነት መኪኖች በዝግታ የሚያዘግሙበት ጠመዝማዛ ነው፤ መሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰዓትን የሚያሰሉት ለመንገዱ ደረጃ በተመደበ ፍጥነት በመሆኑ፣ ዳገቱንና ከፊት ያለውን ተሳቢ ላይቆጥሩ ይችላሉ። እንዲሁም ከደጀን በኋላ ባሕር ዳር የሚያደርሱት ሁለት መንገዶች፣ በደብረ ማርቆስና በሞጣ በኩል ያሉት፣ በኪሎ ሜትር ሲነጻጸሩ የሞጣው ያጥራል፤ መሪው ይህን ቁጥር ብቻ አይቶ ሊመርጥ ስለሚችል፣ የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ ከመናኸሪያ ሾፌሮች ጠይቆ መወሰን የተጓዡ ፈንታ ነው።

ስድስተኛው እርምጃ፦ በመንገድ ላይ ማንበብ

መሪውን የሚያነብ ከአሽከርካሪው ሌላ ሰው ቢሆን ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በአውቶቡስ ረዳት እንዳለ ሁሉ በቤት መኪናም ከጎን የተቀመጠው ሰው ይህን ሥራ ሊረከብ ይገባል። ብቻውን የሚነዳ ሰው በድምፅ መመሪያ ይጠቀም፣ መድረሻ መቀየር ሲያስፈልግም መኪናውን ዳር አቁሞ ይቀይር፤ ሕጉም በእጅ ስልክ ይዞ መንዳትን ይከለክላል።

ከገደል አጠገብ ምልክቱ ከዓለቱ ጋር ተጋጭቶ እንደ ገደል ማሚቶ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ነጥቡ ከመንገዱ ወጥቶ ሲዘል ይታያል፤ ጣርማ በርን በመሰለ ዋሻ ውስጥ ደግሞ ምልክቱ ጨርሶ ይጠፋል። በሁለቱም ሁኔታ ትክክለኛው ነገር «ታጠፍ» የሚለውን ድንገተኛ ትእዛዝ ሳይቀበሉ ሰማዩ እስኪገለጥ መንገዱን ይዞ መቀጠል ነው።

የትኛውም ኦፍላይን ካርታ ሌሊት የወረደውን ናዳ፣ ወንዝ የወሰደውን ድልድይ፣ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋውን መንገድ አያውቅም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትልቅ ከተማ ከመውጣት በፊት ከፊት ያለውን ክፍል ከዚያው በኩል ከመጣ ሾፌር መጠየቅ የሥርዓቱ አንድ ክፍል ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል፤ የአገሬው ሰውና ካርታው ሲለያዩ፣ ስለ መንገዱ ወቅታዊ ሁኔታ የሚታመነው ሰውየው ነው።

ከጉዞው መልስ ካርታው የተሳሳተባቸው ቦታዎች ሳይረሱ ይጻፋሉ። ኦፕንስትሪትማፕን ማንኛውም የተመዘገበ ሰው ሊያርመው ስለሚችል፣ የጎደለው መገንጠያ፣ በአማርኛ ያልተጻፈው የከተማ ስም ወይም ጠጠር ሆኖ ሳለ አስፋልት ተብሎ የተመዘገበው መንገድ ከተስተካከለ፣ ካርታው በስልኮች ላይ በሚቀጥለው ጊዜ ሲታደስ እርማቱ በዚያው መንገድ ለሚያልፈው ተጓዥ ይደርሳል።