የአራስ ትኩሳትና የደም ምርመራ



ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የማህፀን ውስጠኛው ክፍል እንደ ቁስል ስለሆነ ተሕዋስያን በቀላሉ ሊገቡበት ይችላሉ። ኢንፌክሽኑ በጊዜው ካልታከመ፣ ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚያደርገው ትግል ከልክ አልፎ ሳንባን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና አንጎልን ይጎዳል። ይህ ሕመም ሴፕሲስ ይባላል፤ በተለምዶ «የደም መመረዝ» የምንለው ነው።

እንዲህ የታመመች እናት ሆስፒታል ስትገባ ባለቤቷ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ትድናለች ወይ?» ሐኪሞች ይህን ለመገመት ከሚረዷቸው ምርመራዎች አንዱ በደም ውስጥ ያሉ አንዳንድ ፕሮቲኖችን መለካት ነው።

ፕሮቲኖቹ የትኞቹ ናቸው?

1ኛ. ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፦ እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም የተገኘ ሲሆን የሚያመርተው ጉበት ነው። ኢንፌክሽን ከጀመረ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ መጨመር ይጀምራል፤ በ2 ቀን ገደማ ከፍተኛ መጠን ላይ ይደርሳል። ይሁን እንጂ በጤነኛ አራስ ደም ውስጥም፣ በተለይም በቀዶ ሕክምና ከወለደች፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ብሎ ይገኛል።

2ኛ. ፕሮካልሲቶኒን፦ በከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጊዜ እንደሚጨምር የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 አሳወቁ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ ሕክምናው ሲሠራ ደግሞ በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል።

አንድ ቁጥር ፍርድ አይደለም

ከአንድ ቀን ውጤት ይልቅ ብዙ የሚናገረው የቁጥሩ አካሄድ ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች በሴፕሲስ በታመሙ አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ፕሮካልሲቶኒናቸው እስከ 4ኛው ቀን ከ80 በመቶ በላይ ከቀነሰላቸው 100 ሕመምተኞች መካከል በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት 10 ያህል ነበሩ። ያን ያህል ካልቀነሰላቸው 100 መካከል ግን 20 ያህል ሞተዋል።

ልብ በሉ! ቁጥሩ አልወርድ ካላቸውም 100 ሰዎች 80ዎቹ በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ መጥፎ ውጤት ተስፋ የሚያስቆርጥ ሳይሆን ሐኪሙን የሚያነቃ ደወል ነው። በማህፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ይኖር ይሆን? መግል ቋጥሮ ይሆን? መድኃኒቱስ መለወጥ ይኖርበት ይሆን? ብሎ እንደገና እንዲመረምር ያደርገዋል።

የእናንተ ድርሻ

ይህ ምርመራ በሁሉም ጤና ድርጅት አይገኝም። ቢገኝም ሕክምናው የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅም። ከሁሉም የሚቀድመው የቤተሰብ ዓይን ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ወይም ከውርጃ በኋላ ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ሂዱ፦

— ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣
— መጥፎ ሽታ ያለው የማህፀን ፈሳሽ፣
— እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣
— የትንፋሽ ወይም የልብ ምት መፍጠን፣
— የሽንት ማነስ፣
— መፍዘዝ ወይም መቀባዠር።

ብዙ ጊዜ የአራስ ትኩሳት «ምች ነው» እየተባለ ዳማከሴ ሲጨመቅ ቀኑ ይመሻል። ሴፕሲስ ግን ሰዓታትን እንኳ አይታገሥም። አባወራ ሆይ፣ ባለቤትዎ «ደህና ነኝ፣ ያልፍልኛል» ብትልም ግንባሯን ይዳስሱ፣ አተነፋፈሷን ይመልከቱ፤ ከተጠራጠሩም ሌሊት ነው ሳይሉ ይዘዋት ይሂዱ።